"ጃጁ" የምንላቸው ሁሉ ታመዋል? አእምሯችን ከጨቅላነት እስከ እርጅና

ደሴ ሆጤ ያለው የአያቴ ቤት እሁድ እሁድ ቡና አይቀርበትም። አያቴ ስኒ አቀብለኝ ልትለኝ ስትፈልግ መጀመሪያ የአጎቴን ልጅ ስም ትጠራለች። ቀጥሎ የታናሽ ወንድሜን። ሦስተኛው ላይ የእኔን ታገኘዋለች። ጎረቤቱ ይስቃል። "እማማ ጃጁ እኮ!" ይላሉ። እሷም አብራ ትስቃለች።

እነዚሁ ጎረቤቶች ግን ልጅ ሊድሩ ሲያስቡ ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩት እሷን ነው። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የት እንዳገባ፣ አንድ በአንድ ትዘረዝረዋለች። ስትሳሳት አይቻት አላውቅም።

ታላቅ ወንድሟ ኮምቦልቻ ይኖራሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት እግሬን ላፍታታ ብለው ወጥተው አመሻሽ ላይ ቦርከና ወንዝ ዳር ቆመው ተገኙ። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፍቷቸው ነበር። 40 ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ነው። ቤተሰቡ ያኔም ያለው ያንኑ ነበር። "ጃጁ፤ እድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል።" ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት አልወሰድናቸውም። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቃሉ አንድ ነው። ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ የገጠማቸውም ነገር ፈጽሞ አይገናኝም። የአያቴ ተፈጥሮ ነው። የጋሼ በሽታ ነው። "ጃጀ" የሚለው ቃል ሁለቱን ባንድ ከረጢት ስለሚከታቸው የታመመውን ሳናክም እንቀራለን፤ ያልታመመውንም ከሰው እንደማይቆጠር አድርገን ከጨዋታ እናስወጣዋለን። ልዩነቱን ለማየት ግን ከእርጅና መጀመር አይበቃም። አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ያልገባው ሰው እንዴት እንደሚያረጅም አይገባውም። ስለዚህ ከጨቅላው እንነሳ።

ስንወለድ አንጎላችን አልቆ ነው የሚመጣው?

አይደለም። የአንድ ጎልማሳ አንጎል ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሲወለድ የዚህ ሩብ ያህል ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላ መጠኑ ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። በጎልማሳ አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አብዛኞቹ ስንወለድም አሉ። ከዚያ በኋላ በብዛት የሚጨምረው በሕዋሳቱ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ሕፃኑ ባየ፣ በሰማ፣ በዳሰሰ ቁጥር አንዱ ሕዋስ ከሌላው ጋር ይያያዛል።

የሚገርመው የሚቀጥለው ነው። አንጎል መጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ግንኙነት ይሠራል። ከዚያ ይቀንሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ወረድ ስትሉ የማሽላ እርሻ ታያላችሁ። ገበሬው ዘሩን አብዝቶ ይዘራል። ቡቃያው ከፍ ሲል በሬውን ጠምዶ በመሐሉ ያርሰዋል። ሽልሻሎ ይሉታል። ለማያውቅ ሰው ሰብሉን ያጠፋው ይመስላል። ገበሬው ግን የቀረው በደንብ እንዲያፈራ ቦታና ውሃ እየሰጠው ነው። አንጎልም እንዲሁ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ግንኙነት ይጠነክራል፤ ያልዋለው ይነቀላል። ለዚህ ነው ሕፃን ልጅን ማናገር፣ ማጫወት፣ ተረት መንገር ቀልድ ያልሆነው። የትኛው ቡቃያ እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው።

ልጅ ማለት ትንሽ ትልቅ ሰው ነው?

ድሮ እንዲያ ይታሰብ ነበር። ይህን አስተሳሰብ በብዛት የለወጠው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ነው (እ.ኤ.አ. 1896–1980)። የራሱን ሦስት ልጆች በቅርብ እየተከታተለ መዘገበ። የደረሰበት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጅ ከእኛ ያነሰ የሚያስብ ሳይሆን ከእኛ በተለየ መንገድ የሚያስብ ነው።

ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ለአራት ዓመት ልጅ አንድ ዳቦ ስጡት። "አነሰኝ" ካለ እዚያው ፊቱ ለሁለት ቁረሱለት። ብዙ ጊዜ "በዛልኝ" ብሎ ይደሰታል። እያታለላችሁት አይደለም፤ ለእሱ በእውነት በዝቷል። ቅርጹ ቢለወጥም መጠኑ እንደማይለወጥ የሚገባው ሰባት ዓመት አካባቢ ነው። ከፒያዤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሕፃናት እሱ ካሰበው ቀደም ብለው ብዙ ነገር እንደሚያውቁ አሳይተዋል። ዋናው ሐሳብ ግን አልተነቀነቀም።

ከማሰቡ ጎን ለጎን መተማመንም ያድጋል። ሜሪ አይንስዎርዝ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ዑጋንዳ ሄዳ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ተከታተለች። ሕፃኑ እናቱ አጠገብ ስትሆን ራቅ ብሎ ይድሃል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ ደግሞ ይሄዳል። እናት ልክ እንደ ቤት ናት፤ የሚወጡባትና የሚመለሱባት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስለ እናትና ልጅ ትስስር የሚሰጠው ትምህርት አንዱ ሥሩ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል።

ጎረምሳው ለምን አይሰማም?

ምክንያቱም አንጎሉ ሁሉ እኩል አልደረሰም። ደስታን፣ አዲስ ነገርን፣ የጓደኛን አድናቆት የሚፈልገው ክፍል በጉርምስና ይነቃል። ከግንባር ጀርባ ያለው፣ "ቆይ፣ ነገስ?" የሚለው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይቆያል። አዲስ ባጃጅ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ አስቡት። ሞተሩ ሙሉ ነው። ፍሬኑ ገና እየተገጠመ ነው። ጎረምሳ ብቻውን ሲሆን ደህና አስቦ ጓደኞቹ ሲኖሩ የሚያብደውም ለዚህ ነው። ይህ ማለት ቅጣትና ምክር አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ፍሬኑ እስኪገጠም ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ከ20 ዓመት በኋላ ቁልቁለት ብቻ ነው?

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አብዛኞቻችን አእምሮን እንደ ጦሳ ተራራ እናስበዋለን። እስከ ወጣትነት ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። እውነቱ ግን አንድ ተራራ የለም። ብዙ ተራሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ጫፉን የሚያገኘው በራሱ ጊዜ ነው።

ሬይመንድ ካቴል የተባለ እንግሊዝ የተወለደ ተመራማሪ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብልህነትን ለሁለት ከፈለው። አንዱን ፈሳሽ፣ ሌላውን የረጋ ልንለው እንችላለን። ፈሳሹ ከዚህ በፊት ያላየነውን ነገር በፍጥነት የምንፈታበት ነው። አዲስ ስልክ ገዝቶ በአምስት ደቂቃ መልመድ፣ ሦስት ቁጥር በጭንቅላት ይዞ ማስላት። የረጋው ደግሞ በዕድሜ ያጠራቀምነው ነው። ቋንቋው፣ ሙያው፣ ሰው ማወቁ፣ "ይህን ነገር የት ነው ያየሁት?" ማለቱ። ወተትና እርጎ አድርጋችሁ ያዙት። "የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል" የሚለው አባባላችን ይህን ነገር ቀድሞ አውቆታል።

ፈሳሹ በወጣትነት ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይቀንሳል። የረጋው ግን ለአሥርት ዓመታት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ ጥናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በተለያየ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ተፈትነው ነበር። መረጃን በፍጥነት የማስተናገድ ችሎታ ጫፍ የደረሰው 18 እና 19 ዓመት አካባቢ ነው። የአጭር ጊዜ ትውስታ 25 አካባቢ። የሰውን ስሜት ከዓይኑ ማንበብ በ40ዎቹና በ50ዎቹ። የቃላት እውቀት ደግሞ በ60ዎቹ መጨረሻ። ወሎ ውስጥ ደም የተቃባ ሲታረቅ አበጋር (አስታራቂ ሽማግሌ) የሚጠራው ለምን ይመስላችኋል? ማን ተቆጥቶ እንደሆነ፣ ማን አዝኖ እንደሆነ፣ የትኛው ቃል ነገሩን እንደሚያበርደው ማወቅ የ19 ዓመት ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወጣትና አዛውንትን ጎን ለጎን አስቀምጦ መፈተን ያሳስታል። የልጅ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ አያት ደግሞ ደብተር ሳትይዝ አድጋ ሁለቱ ቢፈተኑ፣ ልዩነቱ የዕድሜ ነው ወይስ የትምህርት? ዋርነር ሻይ የተባለ ተመራማሪ ይህን ስለገባው እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ሲያትል ከተማ ላይ ሌላ መንገድ ጀመረ። ያንኑ ሰው በየሰባት ዓመቱ እየተመለሰ ፈተነው። ለአሥርት ዓመታት። ውጤቱ የሚያጽናና ነው። ፍጥነት ቀድሞ ቢቀንስም ብዙዎቹ ችሎታዎች በጎልማሳነት ጫፍ ላይ ነበሩ፤ በግልጽ መቀነስ የጀመሩትም ከ60 በኋላ ነው። ከሰው ሰው ያለው ልዩነትም በጣም ሰፊ ነበር።

ታዲያ አዛውንት ለምን ይዘገያሉ?

ምክንያቱም አንጎል በእርግጥ ይለወጣል። መጠኑ በጥቂቱ ይቀንሳል። ሕዋሳትን የሚያገናኘው መስመር እንደ ድሮው አይፈጥንም። ስለዚህ አንዳንድ ነገሮች ይከብዳሉ። ሁለት ሥራ ባንዴ መሥራት፣ ጫጫታ ውስጥ ወሬ መከታተል፣ ወሬውን ማን እንደነገራቸው ማስታወስ። ስም ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይሸሻል። "ስሙ እኮ አፌ ላይ ነው ያለው" ይላሉ። ከሰዓት በኋላ እቃ ሲያጥቡ ድንገት ይመጣላቸዋል። ስሙ አልጠፋም ማለት ነው። ማውጫው ነው የዘገየው።

የአያቴ ስም ማቀያየርስ? እሱ ከእርጅና ጋር እምብዛም አይገናኝም። የ30 ዓመት እናትም ልጆቿን ታቀያይራለች። አንጎል የሚወዳቸውን ሰዎች ስም ባንድ ማኅደር ነው የሚያስቀምጠው። እጁን ሲሰድ የጎን ያለው ይወጣል። አያቴ የአጎቴን ልጅ ስም ጠርታ ወደ እኔ ስትደርስ፣ ሦስታችንንም ባንድ ቦታ አስቀምጣናለች ማለት ነው።

ዘገም ማለትን ደግሞ ልምድ ይሸፍነዋል። ቲሞቲ ሶልትሃውስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 በታይፕ የሚጽፉ ሰዎችን አጠና። አረጋውያኑ ጣታቸውና ምላሻቸው ዘገምተኛ ነበር። ግን ከወጣቶቹ እኩል ይጽፉ ነበር። ምስጢሩ ምን ነበር? ዓይናቸው ከሚጽፉት ቃል ራቅ ብሎ የሚመጣውን ቀድሞ ያነባል። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አባት አይታችሁ ይሆናል። ባለጉዳዩ ተናግሮ ሳይጨርስ ነገሩ ገብቷቸው ወረቀቱ ላይ ናቸው።

ሌላም የማይነካ ነገር አለ፤ እጅ የለመደው ሙያ። አያቴ ስፌት ስትሰፋ ዓይኗ በሩ ላይ ነው፣ ወሬው ከጎረቤት ጋር ነው፣ እጇ ግን አንድ ቀለም አይስትም።

የ66ቱን ረሃብ አስታውሰው የትናንቱን ለምን ይረሳሉ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል። መልሱ ሁለት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው ጤነኛውን ይመለከታል። ሰው ሲያረጅ ወደ ኋላ ሲያስብ ከሁሉ ጎልቶ የሚመጣለት ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ የሆነው ነው። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ሥራ፣ የመጀመሪያ ልጅ ያለው እዚያ ነው። አያቴ በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ 23 ዓመቷ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው በየት በኩል ወደ ደሴ እንደገባ፣ ማን ቤት እንዳደረ፣ እያየችው ነው የምትናገረው። ትዝታን የሚያህል ቅኝት ያለን ሰዎች ይህ ብዙ አይገርመንም።

ሁለተኛው የታመመውን ይመለከታል። አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አዲስ ነገር ወደ ማኅደር የሚገባው በእሱ በኩል ነው። የጎተራ በር ብላችሁ አስቡት። አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው አንዱ ይህ ነው። በሩ ተዘጋ። ውስጥ ያለው የድሮ እህል ግን ገና አለ። ስለዚህ ጋሼ ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ የልጅነት ጓደኛቸውን ስም ግን አይስቱም። ቤተሰብ ደግሞ "ይኸው የድሮውን ያስታውሳሉ፣ ደህና ናቸው" ብሎ ይዘናጋል። እኛ የተዘናጋነው በዚህ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

የመርሳት በሽታ የምንለው ዲሜንሽያ አንድ በሽታ አይደለም። የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የዕለት ኑሮን የመምራት አቅም እየተሸረሸረ የሚሄድባቸው ብዙ በሽታዎች የጋራ ስም ነው። ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር ነው። ከእሱ ቀጥሎ በብዛት የሚታወቀው ከደም ሥር ችግር የሚመጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰው ከዚህ ችግር ጋር ይኖር ነበር። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውም እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የፈረንጅ በሽታ አይደለም።

አልዛይመር የሚለው ስም የመጣው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አንዲት የ51 ዓመት ሴት አገኘ። ትረሳለች፣ ትጠራጠራለች፣ ግራ ይገባታል። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በአጉሊ መነጽር መረመረ። በሕዋሳቱ መካከል የተጠራቀመ ቆሻሻ መሰል ነገር፣ በውስጣቸው ደግሞ የተተበተበ ክር አየ። ዛሬ እነዚህ ሁለቱ የፕሮቲን ክምችቶች መሆናቸው ይታወቃል። ልብ በሉ፤ ሴትየዋ አሮጊት አልነበረችም። በሽታው በዕድሜ ይበዛል እንጂ ዕድሜ ራሱ በሽታው አይደለም።

እንዴት ልለያቸው?

ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች የረሳች እናት ጤነኛ ልትሆን ትችላለች። ቁልፉን ይዛ ለምን እንደሚያገለግል የጠፋባት ግን ሐኪም ትፈልጋለች። የጎረቤትን ልጅ ስም መርሳት አንድ ነገር ነው። የገዛ ልጅን "ይህ ማነው?" ማለት ሌላ ነው። ታሪክ ደጋግሞ ማውራት የሽማግሌ ወግ ነው። ያንኑ ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ መጠየቅ ግን ወግ አይደለም።

እኔ የምመክረው ቡናውን ማየት ነው። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። 50 ዓመት ያፈላች ሴት ሳትቆላ ልትወቅጥ ከተነሳች፣ ወይም አቦል ቀድታ ስታበቃ ጀበናውን እንደ አዲስ ከጣደችው፣ ቅደም ተከተሉ እየተበጣጠሰ ነው። ገንዘብ መቁጠር ሲያቅት፣ ቀንና ሌሊት ሲቀያየር፣ ደግ የነበረ ሰው ድንገት ተጠራጣሪና ቁጡ ሲሆን፣ የለመደው መንገድ ሲጠፋው፣ እነዚህም ምልክቶች ናቸው። ጥያቄው "ይረሳሉ?" አይደለም። "የዕለት ኑሯቸው ተናግቷል? ከዓምና ዘንድሮ ብሷል?" ነው።

የለመዱት ቤት ደግሞ ብዙ ይሸፍናል። እቃው ሁሉ በቦታው ስላለ እጅ ራሱ ያገኘዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ጋሼም ከቤተሰቡ ጋር ወጥተው ነበር። ባረፉበት ቤት ሌሊት ሌሊት በሩን ያጡት ነበር። "ድንጋጤ ነው" አልን። ድንጋጤም ነበረ። ግን ከተመለሱ በኋላም አልተዋቸውም። መጀመሪያ ያየነው ምልክት እሱ ነበር፤ አላወቅነውም።

በሽታውን የሚመስሉ ግን የሚድኑ አሉ?

አሉ፤ ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገውም ይህን ነው። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት አዛውንትን ዝምተኛና ዘንጊ ያደርጋል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት እጢ ሥራ መድከም፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ ወድቆ ጭንቅላትን ከተመቱ በኋላ የሚጠራቀም ደም፣ ሁሉም መርሳት ያመጣሉ። ብዙዎቹ ይታከማሉ።

በተለይ ትናንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ ድንገት ከተቀባዠሩ ያ "መጃጀት" አይደለም። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው፤ በአንድ ሌሊት እምብዛም አይመጣም። ይህ አስቸኳይ ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይወሰዱ።

ጆሮም አለ። ያልሰማ ሰው ያልተነገረውን ረሳ ይባላል። አያቴን ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለቱም ጆሮዎቿ ደግሞ በኩክ ተደፍነው ነበር። ታጠበላት። ስትመለስ መኪና ውስጥ "ሬዲዮው ቀንሱት" አለች። ዓመት ሙሉ "ነግረናት ረሳች" ስንል ከርመን ነበር።

ፈተናም ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ የማስታወስ ፈተና ማንበብ፣ መጻፍና መሳል ለሚችል ሰው የተሠራ ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት የሰዓት ሥዕል ሣይ ተብላ ባትችል ታማለች ማለት አይደለም። ቤተሰብ ለሐኪሙ ድሮ ምን ትችል እንደነበረና አሁን ምን እንዳቃታት መንገር አለበት። ያ ከፈተናው ያላነሰ ይጠቅማል።

መከላከል ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ አይቻልም። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒትም የለም፤ ምልክቱን የሚያስታግሱ ግን አሉ። ይሁንና ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነው ሊለወጡ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ሁሉንም አልዘረዝርም። ለኛ ቤት የሚቀርቡትን ላንሳ።

በጎልማሳነት ያልታከመ የደም ግፊት አንዱ ነው። ግፊት ደግሞ አያሳምም፤ ካልለኩት አይታወቅም። ከ40 በኋላ መለካት ልማድ ይሁን። ቡና በጨው ለለመድን ሰዎች ይህ ነገር ይመለከተናል። የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ ብዙ መጠጥ፣ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥም አሉበት። የተበከለ አየርም አለ፤ በር ዘግቶ በማገዶ ጭስ ውስጥ እንጀራ መጋገር ሳንባን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። የመስማት ችግርና ያልታከመ የዓይን ችግርም ተቆጥረዋል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። "አርጅቻለሁ፣ ምን ላይበት" ለሚሉ እናት መልሱ ይህ ነው።

ትምህርትም አለበት። ብዙ የሠራ አንጎል ተጨማሪ መንገድ ስላለው አንዱ ሲዘጋ በሌላ ይዞራል። በሽታው ቢጀምረው እንኳ ምልክቱ ዘግይቶ ይታያል። አንጎል ደግሞ ካደግን በኋላም ይለወጣል። በለንደን የከተማዋን መንገዶች በቃላቸው የሚያጠኑ የታክሲ ሾፌሮች ሲመረመሩ የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ሰፍቶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት አዛውንት ለአንድ ዓመት ያህል ዘወትር በእግር ሲሄዱ ይኸው ክፍል ወደ 2 በመቶ ገደማ ጨምሯል። "ሲያረጁ አምባር ይዋጁ" እያልን አዲስ ነገር ሊማር የተነሳን አዛውንት የምናሳፍርበት ምክንያት የለም። ስልክ መጠቀም የምትፈልግ አያት ካለቻችሁ አስተምሯት። አሥር ጊዜ ትጠይቃችኋለች። አሥር ጊዜ መልሱላት።

ብቸኝነትም ከ14ቱ አንዱ ነው። ቡናው፣ እድሩ፣ ዱበርቲዎች (እናቶች) ለዱዓ የሚሰበሰቡበት ሐድራ፣ የሰንበቴው ማኅበር ለመዝናናት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል።

ጋሼስ?

በመጨረሻ ወሰድናቸው። ሐኪሙ የሚታከሙትን ምክንያቶች አንድ በአንድ መርምሮ ከጣለ በኋላ አልዛይመር ሳይሆን እንዳልቀረ ነገረን። ቀድመን ብንሄድ ባልዳኑም ነበር። ግን ግፊታቸው ቀድሞ ይታከም ነበር፤ ስለ ገንዘባቸውና ስለ ቤታቸው ራሳቸው ይወስኑ ነበር፤ እኛም ያን ሁሉ ጊዜ አንቆጣቸውም ነበር።

ጋሼ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። አሁን አመሻሽ ሲሆን ተነስተው ጃኬታቸውን ይለብሳሉ። በር ላይ ይቆማሉ። ልጃቸው መጀመሪያ አካባቢ "አባዬ፣ ጡረታ ከወጣህ 20 ዓመት ሊሆንህ ነው!" ትላቸው ነበር። ይናደዱ ነበር። ያለቅሱም ነበር። ለእሳቸው በየቀኑ እንደ አዲስ ከሥራ መባረር ነው።

አሁን እንዲያ አትልም። ወንበር ታወጣላቸዋለች።

"አባዬ፣ ሰርቪሱ እስኪመጣ ሻይ ጠጣ።"

"ዘገየ እኮ ዛሬ።"

"ይመጣል። ስኳሩ ይበቃሃል?"

አጠገባቸው ትቀመጣለች። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ፈረቃው፣ ስለ ድሮ ጓደኞቻቸው ያወሯታል። ጨዋታው እየደራ ሲሄድ ጃኬቱን ራሳቸው ያወልቁታል።